ከዋስ ወደ ወረቀት፤ በቡሬ መንገድ የኪራይና የመንጃ ፈቃድ ታሪክ

ቡሬ የሚባል ስም በአገራችን ካርታ ላይ ከአንድ ቦታ በላይ ይገኛል። አንዱ በጎጃም ነው፤ አንዱ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ በአፋር በረሓ ነው፤ ይህ ጽሑፍ የሚናገርለት ግን በኢሉባቦር፣ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ሲወረድ ደጋው ሊያልቅ ሲል የሚገኘው ቡሬ ነው። ሦስቱም በታላላቅ የንግድ መንገዶች ላይ የቆሙ መሆናቸው ምናልባት አጋጣሚ ይሆናል፤ ስለዚህ በዚህ ነገር ላይ ብዙ አልቆይም።

የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ ሰው ከአገሩ ወጥቶ መጓጓዣ ሲከራይ ማንነቱንና ችሎታውን በምን ያስረዳ እንደ ነበረ፣ ዛሬስ በምን እንደሚያስረዳ፣ ከቡሬ መንገድ ተነሥቶ መመርመር ነው። ይህን አርእስት የነገርኋቸው አንዳንድ ጓደኞቼ ስቀውብኛል። በሮማ ወይም በለንደን አውቶሞቢል ስለ መከራየት የሚጠየቀው የመንጃ ፈቃድ ከአንዲት የኢሉባቦር ከተማ ጋር ምን ያገናኘዋል አሉኝ። ነገሩ በእርግጥ ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን ለቡሬ ሰው የባዕድ አስተዳደር የሚገኘው ባሕር ተሻግሮ አልነበረም፤ ከተራራው ግርጌ ነበር። ኪራይ፣ ፈቃድና ድንበር የሚባሉት ሦስት ነገሮች በአንድ ቁልቁለት ላይ የተገናኙበት ስፍራ ስለሆነ፣ ታሪኩን ከዚህ መጀመር አግባብ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

እንደሚታወቀው ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት የወሰን ውል በ4ኛው አንቀጹ አንድ ልዩ ነገር ይዟል። ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ ዳር፣ በኢታንግ አጠገብ፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ለማከራየት ፈቀዱ። የመሬቱ ልክ በወንዙ ዳር ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ሥራ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ መንግሥት እስከምትተዳደር ድረስ ብቻ እንዲጸና በውሉ ተጻፈ። በኋላ ኢታንግ ለጣቢያነት ስላልተስማማ በ1896 ዓ.ም. ገደማ ጋምቤላ ተመረጠች።

ይህን አንቀጽ የሚያነብ ሰው የአከራይና የተከራይን ጠባይ ሁሉ ያገኝበታል። የሚከራየው ነገር ልክ ተነግሯል፤ የሚውልበት ሥራ ተነግሯል፤ የማይውልበት ሥራ ተነግሯል፤ የሚያልቅበት ጊዜም ተነግሯል። ዛሬ በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ አውቶሞቢል የሚያከራይ ሰው ከሚያስፈርመው ረጅም ወረቀት ውስጥ ዋናው ነገር ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. መባቻ ነፃነቷን ባገኘች ጊዜ የኪራዩ ዘመን በውሉ መሠረት አለቀ፤ ጋምቤላም በ1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች። ለግማሽ መቶ ዓመት ያህል ተከራይቶ የቆየ መሬት ያለ ጦርነት መመለሱ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር ነው።

በዚያ ግማሽ መቶ ዓመት ውስጥ የቡሬ ሰው ወደ ጋምቤላ ሲወርድ በሱዳን መንግሥት ሹም ወደሚተዳደር ስፍራ ይገባ ነበር። ከላይ የሚወርደው በተለይ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳ ነው፤ ከታች የሚወጣው ጨውና የጥጥ ልብስ ነው። በጋምቤላ የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ነበራቸው። በእንፋሎት የሚሄዱት መርከቦች ከካርቱም መጥተው ባሮን የሚወጡት ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የጭነት ከብት የሚሄደው ግን በበጋ ነው፤ በክረምት ጭቃው፣ ጅረቱና ቁልቁለቱ አያሳልፍም። ስለዚህ ሁለቱ መጓጓዣዎች በአንድ ወቅት አይገናኙም ነበር። ቡናው በበጋ ወርዶ ክረምት እስኪገባ በመጋዘን ይጠብቃል። ይህ የወቅት አለመግባባት ነጋዴውን ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፤ አንድ ጊዜ ለበቅሎ፣ አንድ ጊዜ ለመጋዘን።

የበቅሎው ኪራይ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነገር ነው። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ስትገኝ ጋምቤላ ያለችው ወደ 500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ነው። ስለዚህ በጥቂት ቀን መንገድ ውስጥ ከብቱ ከብርዱ ወጥቶ ከሙቀቱ፣ ከሣሩ ወጥቶ ከዝንቡ ይገባል። በቆላው ያለው ዝንብ የሚያመጣው በሽታ በአማርኛ ገንዲ ይባላል፤ ደጋ ያደገ በቅሎና ፈረስ በገንዲ ሲያዝ ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። በዚህም ምክንያት የደጋ ከብት ያለው ሰው ጭነቱን ቡሬ ድረስ ለማድረስ እየፈቀደ ከዚያ በታች ለመውረድ ያመነታ ነበር። ቡሬ የጭነት መለዋወጫና ማረፊያ የሆነችው በመልክዓ ምድሯ ብቻ ሳይሆን በዚሁ በሽታ ጭምር ነው ለማለት ይቻላል።

አሁን ለጥያቄያችን ወደሚጠቅመው ነገር እንመለስ። ባለ በቅሎው ከብቱን ለማያውቀው ሰው ሲያከራይ ምን ይጠይቅ ነበር? መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋስ ነው። ዋስ በአገራችን ሥርዓት ከፍ ያለ ስፍራ ያለው ነገር ነው፤ ዋስ የሌለው ሰው ከዳኛ ፊትም ቆሞ ነገሩን ለማስኬድ ይቸግረዋል። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ በአገሩ የታወቀ፣ ርስት ወይም ከብት ወይም ስም ያለው መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ አቅም ያለው ተከራይ መያዣ ያስይዛል፤ ይኸውም በጠገራ ብር ወይም በዕቃ ነው። ሦስተኛ፣ ባለ ከብቱ ራሱ ወይም አሽከሩ ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል። የከብቱን ጀርባ የሚያይ፣ ጭነቱን የሚያላላ፣ ውኃ የሚያጠጣ እርሱ ነው። ተከራዩ በቅሎ መንዳት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ ችሎታው የሚፈለገው ከአሽከሩ ነውና።

በዚህ ላይ ሌላ ወረቀት ይጨመርበታል። ከጋምቤላ ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ ከአገሩ ገዥ ዘንድ የይለፍ ፈቃድ ሳይዝ መንቀሳቀስ አይችልም ነበር። ነጋዴውም በየኬላው እየቆመ ቀረጡን ይከፍላል። የይለፍ ወረቀት ያለው ሰው ወረቀቱን ሲያሳይ የኬላው ሹም የሚመለከተው ጽሑፉን ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ማኅተሙን ነው። ማኅተሙ የታወቀ ከሆነ ሰውየው ባይታወቅም ያልፋል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ለውጥ መጀመሩን ልብ ማለት ይገባል። ዋስ ማለት ሰውን በሰው ማወቅ ነው፤ የይለፍ ወረቀት ግን ሰውን በማኅተም ማወቅ ነው። አንደኛው የሚሠራው ዋሱ በሚታወቅበት አገር ብቻ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማኅተሙ እስከሚታወቅበት ድረስ ይሄዳል። በእኔ አስተያየት የመንጃ ፈቃድ ታሪክ የሚገባን ይህን ልዩነት ከያዝን በኋላ ነው።

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የምትባለውን አውቶሞቢል ከጅቡቲ አንሥቶ በብዙ ድካም አዲስ አበባ አደረሳት፤ በዚያው ዓመት ደግሞ ሆልስ የተባለ ጀርመናዊ ሌላ አመጣ። ዳግማዊ ምኒልክ ለአዲስ ነገር ከነበራቸው ፍቅር የተነሣ መንዳትን ራሳቸው ተማሩ። የመንጃ ፈቃድ የጠየቃቸው እንዳልነበረ ሳልጽፈው አንባቢው ይገምታል። በእርግጥ በዚያን ጊዜ በአውሮፓም ቢሆን ነገሩ ገና አዲስ ነበር። በፓሪስ የፖሊሱ አዛዥ በ1893 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ነጂ ሁሉ የችሎታ ወረቀት እንዲይዝ አዝዞ ነበር። እንግሊዞች በ1903 ያወጡት ሕግ ከ1904 መጀመሪያ አንሥቶ ነጂ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ አስገደደ፤ ዋጋው 5 ሽልንግ ነበር፤ ፈተና ግን አልነበረውም። በእንግሊዝ አገር ነጂ መፈተን ግዴታ የሆነው በ1935 ነው። ስለዚህ ለ31 ዓመት ያህል 5 ሽልንግ ያለው እንግሊዛዊ ሁሉ በመንግሥቱ ዓይን ነጂ ነበር። ይህን የምጽፈው ለመሳለቅ አይደለም፤ ፈቃድና ችሎታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ስለሚያሳይ ነው።

ከፓሪስ የወጣች አውቶሞቢል የቤልጅግን ወይም የኢጣልያን ወሰን ባለፈች ጊዜ ምን ይደረግ? ያ የችሎታ ወረቀት የሚታወቀው በፈረንሳይ ነው። መንግሥታቱ ይህን ነገር ለመፍታት በጥቅምት ወር 1909 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ተሰብስበው የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ስምምነት ተፈራረሙ። በዚያ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው የመንገድ ወረቀት አውቶሞቢሉንና ነጂውን በአንድነት የሚመለከት ነበር። ይህም በዚያን ዘመን አያስደንቅም፤ አውቶሞቢል የነበረው ሰው ጥቂት ነውና ሰውና ንብረቱ እንደ አንድ ይቆጠሩ ነበር።

ነገር ግን አንድ ሰው የራሱን ሳይሆን የሌላውን አውቶሞቢል ቢነዳስ? በ1926 እ.ኤ.አ. እንደገና በፓሪስ የተደረገው ስምምነት የአውቶሞቢሉን ወረቀት ከነጂው ወረቀት ለየ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ የሚባለው ነጂውን ብቻ የሚመለከት መጽሐፍ ሆነ። እንግዳ ሰው በባዕድ አገር የባዕድ አውቶሞቢል ተከራይቶ ራሱ እንዲነዳ መንገዱን የከፈተው ይህ መለየት ነው ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። የቡሬ በቅሎ አከራዮች ግን ይህን ከጥንት ያውቁት ነበር፤ በቅሎው በጥርሱና በጀርባው ይታያል፣ ሰውየው ደግሞ በዋሱ ይታያል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ሌሎች ስምምነቶች መጡ። አንደኛው መስከረም 19 ቀን 1949 እ.ኤ.አ. በጄኔቭ፣ ሁለተኛው በኅዳር ወር 1968 በቪየና የተፈረሙት ናቸው። የጄኔቩ ወረቀት የሚጸናው ለ1 ዓመት ነው፤ የቪየናው እስከ 3 ዓመት ሊጸና ይችላል። ሁለቱም የተከራዩን አገር መንጃ ፈቃድ የሚተኩ አይደሉም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ዓለም አቀፉ ወረቀት በመሠረቱ ትርጉም ነው፤ የነጂውን ስም፣ የልደቱን ዘመን፣ እንዲነዳ የተፈቀደለትን የተሽከርካሪ ዓይነት በሌሎች ቋንቋዎች ይገልጻል። ከዋናው የአገር ፈቃድ ተለይቶ ለብቻው ቢቀርብ ዋጋ የለውም። ደግሞም የሚሰጠው ዋናውን ፈቃድ በሰጠው አገር ነው፤ ስለዚህ ሰው ከአገሩ ከወጣ በኋላ በደረሰበት ከተማ ቢፈልገው አያገኘውም።

ሌላም እንቅፋት አለ። አንድ አገር ከሁለቱ ስምምነቶች አንደኛውን ብቻ የተቀበለ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ጃፓንና የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የጄኔቩን እንጂ የቪየናውን አልተቀበሉም፤ በጃፓን በቪየናው ስምምነት መሠረት ብቻ የተጻፈ መጽሐፍ ይዞ የቀረበ እንግዳ መኪና ሊከራይ አይችልም። መጽሐፎቹ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ልዩነቱ በሽፋኑ ላይ በተጻፈው የስምምነት ዘመን ነው። ማኅተሙ የታወቀ እንደሆነ ብቻ ያልፋል ያልሁት የኬላ ሥርዓት እዚህም ላይ በሌላ መልክ ቆሟል።

አከራዩ ደግሞ ከመንግሥት ሕግ በላይ የራሱን ይጨምራል። ነጂው ሕጉ የሚፈቅድለት 18 ዓመት ቢሞላውም ብዙ አከራዮች 21 ወይም 25 ዓመት ካልሞላው አይሰጡትም፤ ወይም ዋጋ ይጨምሩበታል። ፈቃዱን ካወጣ ቢያንስ 1 ዓመት እንዲሆነው ይፈልጋሉ። በባንክ ካርዱ ላይ ገንዘብ ያግዱበታል፤ ይህ መያዣ ነው። መድን ያስገቡታል፤ ይህ ደግሞ ዋስ ነው። አውቶሞቢሉን ይዞ የጎረቤት አገር ወሰን እንዳያልፍ በጽሑፍ ያስጠነቅቁታል፤ ሲያልፍ ቢገኝ መድኑ ይቀርበታል። ይህ የመጨረሻው ክልከላ የገንዲን ነገር አስታወሰኝ። ባለ በቅሎው ከቡሬ በታች አትውረድብኝ የሚለው ከብቱ የሚሞትበትን ስፍራ ስለሚያውቅ ነው፤ አከራዩም ወሰን አትለፍብኝ የሚለው ንብረቱን የሚጠብቅለት ሕግ የት እንደሚያልቅ ስለሚያውቅ ነው። ለመድኑ ነገር በእኛ አካባቢ አንድ መፍትሔ መገኘቱን መጥቀስ ይገባል። በ1987 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና ኢትዮጵያ የምትሳተፍበት የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች ቢጫ ካርድ አንድ ተሽከርካሪ ወሰን አልፎ በሦስተኛ ወገን ላይ ጉዳት ቢያደርስ የአገሩ መድን በሌላውም አገር እንዲሠራ ያደርጋል። ሆኖም ቢጫ ካርዱ ለተሽከርካሪው እንጂ ለነጂው ችሎታ ዋስ አይሆንም፤ የ1926ቱ መለየት አሁንም እንዳለ ነው።

የመንገዱ ጎን ነገር ደግሞ አለ። በአገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ይነዳ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረ። ሱዳን ግን እስከ ነሐሴ ወር 1973 እ.ኤ.አ. ድረስ በግራ መንዳቷን ቀጠለች። ስለዚህ ለ9 ዓመት ያህል ከእኛ ወደ ሱዳን የሚያልፍ ነጂ በወሰኑ ላይ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን እጁንና ዓይኑንም መለወጥ ነበረበት። በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ የሚያልፍ ሰው ዛሬም እንዲሁ ያደርጋል። መንጃ ፈቃድ ነጂው ይህን መለዋወጥ እንደሚችል አይናገርም፤ ፈታኙ ያየው በአንድ ጎን ሲነዳ ብቻ ነው።

በአገራችን ለዚህ ወረቀት የተሰጠው ስም ራሱ ታሪክ አለው። ሕዝቡ እስከ ዛሬ መንጃ ፈቃድ ይለዋል፤ ደረጃውንም ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ እያለ ይጠራል። አምስተኛ መንጃ ፈቃድ ያለው ሾፌር ከነተሳቢው ከባድ መኪና የሚነዳ ስለሆነ በመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ የተከበረ ሰው ነበር፤ በቡሬም ልጆች ሳለን ወደፊት ምን ትሆናላችሁ ስንባል አምስተኛ ያላልን ጥቂቶች ነን። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600 እና እርሱን የተካው በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 ግን የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ብለው ሰየሙት። ቃሉ ረዘመ፤ ትርጉሙ ግን ከፓሪሱ የ1893 የችሎታ ወረቀት ጋር ተገናኘ። መንጃ ፈቃድ ሲባል የመንግሥት መልካም ፈቃድ ይሰማበታል፤ ብቃት ማረጋገጫ ሲባል ግን መንግሥት ስለ ሰውየው ችሎታ መስካሪ መሆኑ ይሰማበታል። ምስክርነት ደግሞ ወደ ዋስ ይጠጋል።

እዚህ ላይ አንድ የቤተሰብ ነገር እንድጨምር ይፈቀድልኝ። ወደዚህ ጥናት ያነሣሣኝ እርሱ ነውና።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ለብዙ ዘመን በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬና በጋምቤላ መካከል የጭነት መኪና ነድተዋል። ያን ቁልቁለት ቡና ጭኖ በክረምት ጭቃ የወረደ ሰው መንዳት ይችል እንደሆነ የሚጠይቀው ያለ አይመስለኝም። አጎቴ በ1986 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በአውሮፓ የሚኖረውን ታናሽ ወንድማቸውን ለመጠየቅ ሄዱ። ታናሹ በሥራ ላይ ስለነበረ አጎቴ በቀን ቀን ብቻቸውን አገሩን ለማየት ትንሽ አውቶሞቢል ለመከራየት አሰቡ። ሁለቱ አብረው ወደ አንድ አከራይ ቤት ገቡ። አጎቴ ከደረት ኪሳቸው መንጃ ፈቃዳቸውን አወጡ፤ በጨርቅ የተለበጠ፣ ማዕዘኑ የተበላ፣ በየእድሳቱ ማኅተም የተመታበት ደብተር ነው። የመጨረሻው ማኅተም እስከ ሰኔ 1988 ይላል።

ጸሐፊው ደብተሩን ወደ ላይና ወደ ታች አገላብጦ ፊደሉን ማንበብ አልቻለም። ቁጥሩን ግን አነበበ። ከዚያም በትሕትና መለሰላቸው።

«ምን ይላል?» አሉ አጎቴ።

«ጋሼ፣ ካለፈበት ስድስት ዓመት ሆኖታል ይላል።»

«በማን ቁጥር?»

«በእነሱ ቁጥር ነዋ።»

«በእኔማ ሁለት ዓመት ይቀረዋል።»

ታናሹ የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከነሱ በ7 ወይም በ8 ዓመት እንደሚያንስ፣ ወሩም 13 እንደሆነ ለማስረዳት ሞከረ። ጸሐፊው ሰምቶ ሲያበቃ ያመነ ይመስል ነበር አሉ አጎቴ፤ ነገር ግን ማመኑ ለሥራው አይበቃውም። አደጋ ቢደርስ መድኑ የሚጠይቀው የተጻፈ ነገር ነው። ዓለም አቀፉን መጽሐፍ ይዛችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። አልያዙም፤ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አጎቴ የሰሙት ያን ቀን ነው። ከዚህ ከተማ ማውጣት ይቻላል ወይ ቢሉ የሚሰጠው አገራችሁ ነው ተባሉ። አጎቴ ያን ጊዜ የተናገሩትን ሲያስታውሱ እንዲህ ይላሉ፤ «አልተቆጣሁም። እኔም ብሆን የማላውቀው ሰው መጥቶ በማላነበው ወረቀት መኪናዬን ስጠኝ ቢለኝ አልሰጠውም። ብቻ ወንድሜ ፊት ስለሆነ ከበደኝ።»

ይህን ነገር ከታሪኩ ጋር ስናስተያየው ጸሐፊው እንደ ጨዋ አከራይ መሥራቱን እንረዳለን። ከእርሱ ፊት የቆመው ሰው ዋስ ነበረው፤ ወንድሙ አጠገቡ ቆሟል። ችሎታም ነበረው። የአገሩ መንግሥትም መስክሮለት ነበር። የጎደለው የምስክሩን ቃል ወደሚነበብ ፊደልና ወደሚታወቅ ዘመን የሚያዞረው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። ዓለም አቀፍ የመንጃ ፈቃድ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተፈጠረ ትርፍ ወረቀት ተብሎ ሲነቀፍ እንሰማለን፤ ፊደላቸውና አቆጣጠራቸው አንድ ለሆኑ ሁለት አገሮች ይህ ነቀፋ እውነት ሊሆን ይችላል። ለኛ ግን አይሠራም። የራሳችንን ፊደልና የራሳችንን ዘመን ጠብቀን መቆየታችን የምንኮራበት ነገር ነው፤ ወሰን ባለፍን ቁጥር ተርጓሚ የሚያስፈልገን መሆኑ ደግሞ የዚሁ ኩራት ወጪ ነው። ወጪውን የሚከፍለው ብዙውን ጊዜ ደብተሩን ያወጣው ክፍል ሳይሆን ደብተሩን በኪሱ ይዞ የሄደው ሰው መሆኑ ግን ሊታሰብበት ይገባል። ዛሬ ከኢሉባቦር ከተሞች ወጥተው በባዕድ አገር በነጂነት ለመቀጠር የሚሞክሩ ወጣቶች አሉ። ከመንደራቸው ሳይነሡ አንድ ሰው ይህን ቢነግራቸው ብዙ ውጣ ውረድ ይቀርላቸዋል፤ ከሄዱ በኋላ መንገሩ ጥቅሙ ትንሽ ነው።

አጎቴ በዚያ ሰሞን አገሩን ያዩት ታናሻቸው በዕረፍት ቀኑ ተከራይቶ ሲነዳ ከጎኑ ተቀምጠው ነው። ቁልቁለት በመጣ ቁጥር ቀኝ እግራቸው ፍሬን ይፈልግ እንደነበረ ይናገራሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሥራቸውን ቀጠሉ። በሰኔ 1988 ጊዜው ሲደርስ ደብተራቸውን ለማሳደስ ሄዱ፤ ማኅተሙ ከተመታ በኋላም ከጎኑ የፈረንጁን ዓመት እንዲጽፍላቸው ጸሐፊውን ለመኑት። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም አለ። ትንሽ ቆይቶ ግን ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና በኅዳጉ ላይ ቁጥሩን በቀጭኑ ጻፈላቸው። ደብተሩ አሁን በእኔ ዘንድ ይገኛል፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ የእርሳሱ ጽሑፍ ግን ይነበባል።